ቅምሻው ስለ ሙሉው ይመሰክራልን?



ጤፍ ለመግዛት ወደ እህል ተራ የወረደ ሰው በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው። ከጆንያው አፍ ጥቂት ዘግኖ በመዳፉ ላይ ይበትንና በጣቱ እየገፋ ንጣቱንና አሸዋውን ይመረምራል። ብልህ ገዢ ግን ይህ ብቻ አይበቃውም፤ እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ከጆንያው ሆድ ደግሞ ይዘግናል። የላዩና የሥሩ አንድ ሆኖ ካገኘው ሒሳቡን ከፍሎ ያስጭናል። ይህ ዘዴ በጤፍ ላይ በደንብ ይሠራል፤ የአንዱ ፍሬ ጠባይ የሌላውም ፍሬ ጠባይ ነውና። ነገር ግን የምንገዛው ነገር ገና በእጃችን የሚያድግና የሚለወጥ ቢሆን፣ እፍኙ ስለ ጆንያው ሊመሰክር ይችላልን?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ስለ እህል ንግድ ለመጻፍ ብዬ አይደለም። በዚህ ዓመት በክፍላችን ብዙ ክርክር ስላስነሣው ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ፣ ይልቁንም ስለ ፋብሪካ ግንባታ ጨዋታዎች የበኩሌን አስተያየት ለመስጠት ነው። እነዚህን ጨዋታዎች የሚሠሩ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ «ዴሞ» የሚባል ቅምሻ በነጻ ይሰጣሉ። ዴሞ ማለት ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሞክሮ እንዲያይ ከሙሉው ጨዋታ ተቆርጦ የሚቀርብ ክፍል ነው። ታዲያ በዕረፍት ሰዓት ከጓደኞቼ አንዱ «ዴሞ ማታለያ ነው» ሲል ሌላው ደግሞ «ዴሞውን የተጫወተ ሙሉውን ዐወቀ» ብሎ ይከራከራል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ዴሞ እውነተኛ ምስክር ነው፤ ዳሩ ግን ያየው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ያላየውን እንዲመሰክርልን ስንጠይቀው ነው።

ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ እንዲሆን አንድ የታወቀ ጨዋታ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ፋክቶሪዮ የሚባለውን ጨዋታ የሠራው ዉቤ ሶፍትዌር የተባለ በቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በፕራግ የሚገኝ ድርጅት ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነበር፤ በ2016 ገና ሳያልቅ በስቲም የጨዋታ መሸጫ ላይ ለሽያጭ ቀረበ፤ ተጠናቀቀ የተባለው ደግሞ በነሐሴ 14 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ነው። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ መሐንዲስ መንኰራኩሩ ተሰብሮበት በማያውቀው ዓለም ላይ ይወድቃል። በእጁ ድንጋይና የብረት ማዕድን እየቆፈረ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ማቅለጫ ምድጃ ይሠራል፤ ከዚያም መቆፈሪያ መኪና፣ ዕቃ የሚያመላልስ ቀበቶ፣ ዕቃ አንሥቶ የሚያቀብል የብረት ክንድ፣ ገጣጣሚ መኪና ይሠራል። እንዲህ እያለ ፋብሪካው አድጎ በመጨረሻ ሮኬት ወደ ሰማይ ያስወነጭፋል።

የዚህ ጨዋታ ሠሪዎች ዋጋውን ቀንሰው እንደማይሸጡ በይፋ ተናግረዋል። እንዲያውም በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ዋጋውን ከ30 ወደ 35 የአሜሪካ ዶላር ከፍ አድርገውታል። ቅናሽ ጠብቆ መግዛት የማይቻል ከሆነ፣ እንደ እኛ ላለ ተማሪ ከመግዛት በፊት የሚከፈተው በር ዴሞው ብቻ ነው ማለት ነው። ለዚህም ነው የዴሞው ምስክርነት እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ ቀላል ጉዳይ ያልሆነው። 35 ዶላር ወደ ብር ሲመነዘር ለአንድ ተማሪ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚከብድ ለወላጆቻችን መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ዴሞው ምን እንደሚያሳይ እንመልከት። ዴሞው የመለማመጃ ትምህርት ነው። ተጫዋቹ አንድ በአንድ ትእዛዝ እየተቀበለ ምድጃውን በከሰል ማንደድን፣ ቀበቶ መዘርጋትን፣ መኪናን ከመኪና ጋር ማገናኘትን ይማራል። ትእዛዞቹ ሲያልቁ ዴሞውም ያልቃል። በዚህ ውስጥ አንዳች ውሸት የለም። ቀበቶው በሙሉው ጨዋታ ውስጥ የሚሄደው በዴሞው እንደሚሄደው ነው፤ የብረቱም ክንድ የሚያነሣው እንደዚያው ነው። እጃችን ሥራውን መውደድ አለመውደዱን፣ ዓይናችን ሥዕሉን መቀበል አለመቀበሉን፣ ኮምፒዩተራችንም ጨዋታውን መሸከም አለመሸከሙን ዴሞው በታማኝነት ይነግረናል። እስከዚህ ድረስ ምስክርነቱ የታመነ ነው።

ዴሞው የማይነግረን ነገር ዕድገቱን ነው። ይህንንም በስሜት ሳይሆን በሒሳብ ላሳያችሁ። በፋክቶሪዮ አዲስ ዕውቀት የሚገኘው በየቀለሙ የምርምር ብልቃጥ በመሥራት ነው። የመጀመሪያው ቀይ ብልቃጥ ነው፤ እርሱም ከ1 የመዳብ ሰሌዳና ከ1 የብረት ማርሽ ይሠራል። አንድ ማርሽ 2 የብረት ሰሌዳ ይፈጃል። ስለዚህ ለአንድ ቀይ ብልቃጥ የሚያስፈልገው ብረት 2 ሰሌዳ ብቻ ነው። አንድ ማርሽ የሚሠራ መኪና 10 ቀይ ብልቃጥ የሚሠሩ መኪናዎችን ሊመግብ ይችላል። ይህን ያየ ጀማሪ «እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነው!» ቢል አይፈረድበትም።

ጥቂት ቆይቶ ግን ሰማያዊው ብልቃጥ ይመጣል። 2 ሰማያዊ ብልቃጥ ለመሥራት 2 ሞተር፣ 3 የረቀቀ የኤሌክትሪክ ሰሌዳና 1 ድኝ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሞተር 1 የብረት ብረት ማለትም ጠንካራ አረብ ብረት፣ 1 ማርሽና 2 ቧንቧ ይፈልጋል፤ አረብ ብረቱም ብቻውን 5 የብረት ሰሌዳ ይበላል። ስለዚህ አንዱ ሞተር 9 ሰሌዳ፣ ሁለቱ 18 ሰሌዳ ይፈጃሉ። በሦስቱ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎች ውስጥ ደግሞ ሌላ 6 የብረት ሰሌዳ አለ። ድምሩ 24 ነው፤ ለአንዱ ብልቃጥ ሲካፈል 12 ይሆናል። እንግዲህ ቀዩ 2 ሲፈልግ ሰማያዊው 12 ይፈልጋል፤ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። መዳቡን፣ ከሰሉንና ከመሬት የሚቀዳውን ነዳጅ ዘይት ገና አልቈጠርሁም።

በዚህ ጊዜ ተጫዋቹ ወደ ኋላው ዞሮ ይመለከታል። በመጀመሪያው ቀን የዘረጋው ቀበቶ በ1 ሰከንድ 15 ዕቃ ብቻ ያሳልፋል። ያንን ቀበቶ ለመሙላት 48 የድንጋይ ምድጃ ያስፈልጋል፤ እርሱ ግን የተከለው 8 ወይም 10 ነው። ምድጃ ልጨምር ቢል በአጠገቡ የሠራው ማርሽ መሥሪያ ቦታውን ዘግቶበታል። ማርሽ መሥሪያውን ላፍርስ ቢል ከእርሱ የሚመገቡት ሁሉ ይቆማሉ። የፋብሪካውም ጭስ በዙሪያው ያሉትን ተናካሽ ፍጥረታት እያስቈጣ ያመጣበታል። እነሆ፣ የፋብሪካ ጨዋታ እውነተኛ መልኩ ይህ ነው፤ ትናንት በችኰላ ያደረግኸው ነገር ዛሬ ፊት ለፊትህ ቆሞ ዕዳህን ክፈል ይልሃል። ዴሞው ግን ትናንት የሌለው ነገር ነው። ዕዳው ሳይደርስ ያልቃልና፣ ስለ ዕዳው ሊነግረን አይችልም።

ነገሩን ከቤታችን በምናውቀው ነገር ብመስለው፣ ዴሞው ጥንስስ ነው፤ ሙሉው ጨዋታ ጠላ ነው። ጥንስሱ ውስጥ ጌሾው አለ፤ ውኃውም አለ። ጥንስሱን የቀመሰ ሰው እንስራው ንጹሕ መሆኑን፣ ጌሾውም ደኅና መሆኑን ሊናገር ይችላል። ነገር ግን ጠላው ምን ዓይነት እንደሚሆን፣ ምን ያህልም እንደሚያሰክር ከጥንስሱ ቀምሶ ሊያውቅ አይችልም።

ከዚህ የሚከተለው ጉዳት ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ጉዳት በጨዋታው ላይ ይደርሳል። የፊልም ማስታወቂያ ከፊልሙ ውስጥ ያማረውን መርጦ ያሳያል፤ የፋብሪካ ጨዋታ ዴሞ ግን በተቃራኒው ከሁሉ የሚያንሰውን ክፍል ያሳያል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ዴሞውን አንድ ምሽት ሞክሮ «ይህማ ድንጋይ የመቆፈር የጉልበት ሥራ ነው» ብሎ ተወው። እርሱ በሒሳብም በሥዕልም ከእኔ የሚበልጥ ልጅ ነው። የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ ማዕድን ከሩቅ ሲያስመጣ፣ ሮቦቶች በአየር ላይ ዕቃ ሲያመላልሱለት፣ ከ100 ክፍል የሚገጣጠመውን ሮኬት ሲያዘጋጅ ቢያይ ኖሮ እንደሚወደው አልጠራጠርም። ዴሞው በእርሱ ላይ ሐሰት አልተናገረም፤ ግን ከበሩ ላይ መለሰው።

ሁለተኛው ጉዳት በተጫዋቹ ላይ ይደርሳል፤ ይህኛው የእኔ ታሪክ ስለ ሆነ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። ሙሉውን ጨዋታ አሜሪካ ያሉት አክስቴ ስጦታ አድርገው ሊገዙልኝ ፈቃደኛ ሆኑ። አባቴ ግን ከመፍቀዳቸው በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡልኝ፤ «ልጄ፣ ይህ ነገር የሚያልቀው መቼ ነው?» አሉኝ። ዴሞውን በሁለት ምሽት ጨርሼው ስለ ነበር፣ «ቢበዛ በአንድ ሳምንት ያልቃል» ብዬ ያለ ማመንታት መለስሁ። አባቴም ቃሌን አምነው ፈቀዱ።

በአንድ ሳምንት አላለቀም። በሁለተኛውም ሳምንት አላለቀም። በሦስተኛው ሳምንት የሒሳብ ፈተና ደረሰ፤ እኔ ግን ደብተሬን ዘርግቼ የማስበው ስለ ሰማያዊው ብልቃጥ ነበር። ውጤቴ ወረደ። አባቴ አልተቈጡኝም። ወረቀቱን አይተው «ያላየኸውን ነገር መስክረህልኝ ነበር» አሉና ዝም አሉ። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር። በዚህ ጥፋት ጨዋታውን አልከስም፤ ሠሪዎቹንም አልከስም፤ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፤ ያጐደልሁትም እኔ ነኝ። ነገር ግን ስሕተቴ ከምን እንደ መነጨ ስመረምር፣ የዴሞውን ርዝመት በሙሉው ጨዋታ ርዝመት ላይ ማስላቴ እንደ ሆነ ተረዳሁ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእኔ ነበር።

ደግሞም ማስረጃው በፊቴ ነበር። በፋክቶሪዮ ውስጥ ፈጣን ለሆኑ ተጫዋቾች የተዘጋጀ የክብር ምልክት አለ፤ አንዱ ሮኬቱን በ15 ሰዓት ውስጥ ላስወነጨፈ ሰው፣ ሌላው በ8 ሰዓት ውስጥ ለጨረሰ ሰው የሚሰጥ ነው። በ15 ሰዓት መጨረስ ለክብር የሚያበቃ ከሆነ፣ ጀማሪው ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ይህን አስቀድሜ ባነብና ባሰላ ኖሮ ለአባቴ የተሻለ መልስ በሰጠሁ ነበር።

አንዳንዶች «ዴሞው ባይበቃ መሸጫው ገንዘብ ይመልሳል» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ስቲም ጨዋታው ከተገዛ 14 ቀን ካላለፈውና የተጫወቱት ከ2 ሰዓት በታች ከሆነ ገንዘቡን ይመልሳል። ይሁን እንጂ በ2 ሰዓት ውስጥ በፋብሪካ ጨዋታ የምናየው ያንኑ የመጀመሪያውን ቀን ነው። ሰማያዊው ብልቃጥ ሳይደርስ የመመለሻው በር ይዘጋል። ስለዚህ ይህ ሕግ ለሌላ ዓይነት ጨዋታ ይበጅ እንደ ሆነ እንጂ ለዚህ ዓይነቱ እምብዛም አይረዳም።

በዚህ አንጻር ሁሉም የፋብሪካ ጨዋታ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ሼፕዝ የሚባል በጀርመን አገር የተሠራ ሌላ ጨዋታ አለ። በእርሱ ውስጥ ክብና አራት ማዕዘን ቅርጾች በቀበቶ እየሄዱ ይቈረጣሉ፤ ይዞራሉ፤ ቀለም ይቀባሉ። ጠላት የለበትም፤ ጥሬ ዕቃው አያልቅም። የመጀመሪያ ቀን ስሕተት አፍርሶ እንደገና ለመሥራት ብዙ አያስከፍልም። እንዲህ ባለው ጨዋታ ቅምሻው ከሙሉው ጋር ይቀራረባል፤ ምክንያቱም ዕዳው ትንሽ ነው። ከዚህም አንድ ደንብ ማውጣት ይቻላል፤ በጨዋታው ውስጥ የትናንቱ ሥራ በነገው ላይ የሚጫነው ክብደት በበዛ መጠን የዴሞው ምስክርነት እያነሰ ይሄዳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መተቸት ብቻ መፍትሔ ስላልሆነ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለጨዋታ ሠሪዎች። ዴሞው ሲያልቅ «ያየኸው ይህን ነው፤ ያላየኸው ደግሞ ይህን ነው» የሚል ግልጽ ቃል ቢጽፉ ክብራቸው ነው። ከዚህም የበለጠው መንገድ፣ ሌላ ሰው ሠርቶ የጨረሰውን አንድ ትልቅ ፋብሪካ ከፍተው ገዢው ለሩብ ሰዓት ያህል በውስጡ እንዲዘዋወር ቢፈቅዱ ነው። ያን ጊዜ ገዢው እንደ ብልሁ ጤፍ ገዢ እጁን ወደ ጆንያው ሆድ አስገባ ማለት ይሆናል። ሁሉን ካሳዩ ማን ይገዛል የሚል ሰው ቢኖር፣ የዚህ ጨዋታ ደስታው ፋብሪካውን በማየት ሳይሆን በገዛ እጅ በመሥራት ነውና ማየቱ ገዢውን አያጠግበውም ብዬ እመልሳለሁ።

ሁለተኛ፣ ለጓደኞቼ። ዴሞውን ስትጨርሱ «ወደድሁት ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። «ዴሞው ባያልቅ ኖሮ ነገ ምን እሠራ ነበር? ከነገ ወዲያስ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲሁም ሙሉውን የተጫወተ ሰው ፈልጋችሁ «ደስ ይላል ወይ?» ከማለት ይልቅ «ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» በሉት። ዴሞውን አይታችሁ የተሰላቻችሁም ብትሆኑ ቶሎ አትፍረዱ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏልና።

ሦስተኛ፣ ለወላጆቻችን። ብዙ ወላጆች «ይህ ጨዋታ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ጥያቄ ማንኛውም ልጅ በዴሞው ማስረጃነት ሊመልሰው ይችላል። የአባቴ ጥያቄ ግን ከዚህ ይበልጥ ነበር፤ የሚያልቀው መቼ ነው? ልጃችሁ ይህን ሲመልስ ከምን ተነሥቶ እንደሚመልስ ደግሞ ጠይቁት። ከዴሞው ተነሥቶ ከሆነ ጥቂት ታገሡና አብራችሁ መርምሩ።

ለማጠቃለል፣ ዴሞውን ሐሰተኛ የሚሉትን ጓደኞቼን «በደላችሁት» እላቸዋለሁ፤ ዴሞውን በቂ የሚሉትን ደግሞ «ከዐቅሙ በላይ ጫናችሁበት» እላቸዋለሁ። ጥሩ ምስክር ባየው ልክ ይናገራል፤ ጥሩ ዳኛም ምስክሩ ባየው ልክ ይቀበለዋል። እኔ ምስክሩን ሳልመረምር ፈረድሁ፤ ስለዚህም ለአባቴ የሰጠሁት ቃል ሳይፈጸም ቀረ።

አሁን ጨዋታውን የምጫወተው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ሮኬቱን ገና አላስወነጨፍሁም። አባቴ በቅርቡ «እንዴት ሆነ ያ ፋብሪካህ፣ መቼ ያልቃል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «አላውቅም አባባ፤ እስካሁን ያየሁት ግማሹን ብቻ ነው» ብዬ መለስሁላቸው። ፈገግ አሉና «አሁን አመንሁህ» አሉኝ።